የትኩሳት ዋስ

ዛሬ በልጄ ትምህርት ቤት የጉንፋን ክትባት ተሰጠ። አዲሱ ክትባት ከመጣ ወዲህ ትኩሳቱ የሚይዘው ልጁን አይደለም፤ ዋስ ሆኖ የፈረመለትን አዋቂ ነው። እኔን የልብ ሕመምተኛ ነሽ ብለው ከለከሉኝ። ለልጄ ለማኅደር ሦስት ዓመት ሙሉ ዋስ የሆኑላት ጎረቤታችን ጋሽ ደምመላሽ ናቸው፤ ዘመድ እንኳ ያላደረገውን!

አጥሚት ይዤላቸው ስገባ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። ማኅደር ደጅ ላይ እየጮኸች ገመድ ትዘላለች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንዳትረብሽዎ ወደ ቤት ላስገባት?»

«ተይ እንጂ!» አሉ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «ይልቅ መስኮቱን ክፈቺልኝ።»

«ብርዱስ?»

«ግድ የለም። ስትዘል ልስማት።»