በሃይላንድ የተሠራ ፍሬን

የተማሪ ሰርቪስ የምትነዳው ሴትዮ ቁልቁለቱ አናት ላይ ከቆመችው መኪናዋ ጎን ማዳበሪያ አንጥፋ፣ መሣሪያዋን ደርድራለች፤ ባዶ ሃይላንድ፣ የግሉኮስ ቱቦና አንድ ዘነዘና። ፍሬኑ መስመር ውስጥ የገባውን አየር በቱቦው ወደ ጠርሙሱ ልታስወጣ ነው። ፔዳሉን የሚረግጥላት ሰው ስለሌላት ዘነዘናው ተጭኖ ይይዝላታል። ነገ ጠዋት ስድስት ሕፃናት ይጠብቋታል፤ ፔዳሉ ግን ጭቃ የረገጡ ያህል ወለሉ ድረስ ይሰምጣል።

ቅዳሜ ፍሬኑን የሠራላት ባለጋራዥ ራሷ ልትሠራው መሆኑን ሰምቶ የልጆቹን ወላጆች አስከትሎ መጣ።

«እዩልኝ! እኔ አሳምሬ የሠራሁትን ፍሬን በሃይላንድ አበላሸችው! ልጆቻችሁን በዚህ ልትልኩ ነው?»

ወላጆቹ ተያዩ። አንዷ እናት «እኔስ ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰርቪስ እፈልጋለሁ» አለች።

ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ሰውዬውን ቀና ብላ አየችው። «ፍሬን የሠራ ሰው ለሙከራ ቁልቁለቱን አብሮ ይወርዳል። የጋራዥህ ደንብ አይደለም እንዴ?»

«ነዋ! የሠራ ሰው ይወርዳል። እንግዲህ ከዘነዘናሽ ጋር ውረጂዋ!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ጆሮዋን አቃጠላት። ብድግ ብላ የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋችለት።

«እኔ ገና ጎማውን አልፈታሁም። አንዲት ብሎን አልነካሁም። ፍሬኑ እንዳለ ያንተ ሥራ ነው። ግባ፣ እንውረድ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ባለጋራዡ ቁልቁለቱን አየ፤ ወላጆቹን አየ፤ ቁልፉን ግን አልተቀበለም። ኮቱን አውልቆ ጎማው ሥር ተንበረከከ።

«ክሪኩ የት ነው፣ እትዬ?»

ክሪኩን ቀድማው አነሳች።

«ጎማዬን እንዳትነካብኝ። አንተ ጋቢና ግባና ፔዳሉን ርገጥልኝ፤ ዘነዘናው ይረፍ።»