የጥጃ ጆሮ

ወተቱ ሊፈላ ነው። ደርቭላ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ድስቱ ውስጥ ሲንሾካሾክ ትሰማዋለች። ከመጋረጃው ወዲያ ወንድሟ ፊንታን ይስላል፤ ሳሉ ከያዘው ሁለት ወር ሆነው።

«ይኸውልሽ፣ የብርድ ልብስ ቅጠል» አሉ መምህር ላፊ፣ ቅርጫታቸውን ጠረጴዛው ላይ እያኖሩ። «ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በእጄ የቀጠፍሁት። በወተት አፍልተሽ አጠጪው፣ ኢታ። አባቴን ከሳል ያዳነው እሱ ነው።»

ኢታ የፊንታን ሚስት ናት። አንድ እፍኝ ዘግና ወደ ድስቱ ስትዞር አንዲት ቅጠል ደርቭላ ጭን ላይ ወደቀች።

የደርቭላ ዓይን ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቅጠሏን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት። ገልብጣም ዳሰሰቻት።

«ኢታ፣ እጅሽን ሰብስቢ! ይቺ የጥጃ ጆሮ ናት።»

«ጀመራት ደግሞ» ብለው ሳቁ መምህሩ።

በዚህ ነገር መንደሩ ሁሉ ይስቅባታል። ደርቭላ አንድን ነገር «ለስላሳ» ብላ አታልፍም፤ የዳክዬ ጫጩት፣ የአህያ አፍንጫ፣ የንብ ጀርባ፣ የእሳት ራት ክንፍ እያለች ትለያለች።

«ለስላሳ ያው ለስላሳ ነው፣ ደርቭላ።»

«አይደለም። የብርድ ልብስ ቅጠል የጠቦት ጀርባ ነው፤ ከላይም ከታችም ወፍራም። ይቺ ከላይ ትለሰልሳለች፣ በሆዷ በኩል ግን ጅማቷ ይቆጠራል።»

«ለጋ ስለሆነች ነዋ!»

«እንግዲያው ይፈትኑኝ።»

ኢታ የዘገነችውን ወደ ቅርጫቱ መለሰች፤ መምህሩም ቅጠሎቹን አንድ አንድ እያደረጉ በደርቭላ እጅ ሰጧት። እሷም ቀኝና ግራ ለየች። አሥራ አራቱ ወደ ቀኝ፣ አምስቱ ወደ ግራ ሄዱ። መምህሩ ሁሉንም ደባለቁና አንዷን መልሰው ሰጧት።

«ይቺንማ አሁን በጥፍርዎ ምልክት አድርገውባታል» አለች ደርቭላ። «ምልክት ቢያደርጉባትም የጥጃ ጆሮ ናት።»

ኢታ ሳቋ አመለጣት። መምህሩ አልሳቁም።

ኢታ ያቺን ቅጠል ተቀብላ ወጣች። የአጥሩ በር ሲንቋቋ ተሰማ። በሩ ጥግ የጋኔን ጓንት የሚሉት መርዘኛ ተክል አብቧል፤ በክሌር አውራጃ የማያውቀው ገበሬ የለም፤ እሱን የበላች ላም ማታን አታይም። ኢታ ስትመለስ ትንፋሿ አጥሮ ነበር።

«አንድ ነው፣ መምህር። ከጋኔን ጓንቱ ጋር ገጥሜ አየሁት። ጅማቱም ጠርዙም አንድ ነው።»

«አበባ እኮ አልነበረውም...» አሉ መምህሩ። «ጎን ለጎን ነበር የበቀሉት።»

ደርቭላ ቅጠሎቹን እንደገና ለየች። ኢታ አምስቱን እሳት ውስጥ ጨመረች። አሥራ አራቱን ወተቱ ውስጥ አፈላች፤ በጨርቅ አጠለለችና ኩባያውን ከመጋረጃው ወዲያ ወሰደች።

«ልጠጣው?» አለ ፊንታን እየሳለ። «ወይስ እህቴ ወተቱንም ትዳስሰው?»

«ጠጣ፣ አንተ የአህያ አፍንጫ!»

ሲጠጣ ጉሮሮው ተሰማት። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ መጨረሻው።

ከዚያ ወንበር ተጎተተ። አጠገቧ አንድ ሰው ተቀመጠ። ጠመኔ ያደረቀው ትልቅ መዳፍ ጉልበቷ ላይ ተዘረጋ።

«ዓይኔን ጨፍኛለሁ» አሉ መምህር ላፊ። «ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»

ደርቭላ ከቅርጫቱ ሥር የቀረውን የቅጠል ቁራጭ ፈልጋ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።