ወረራ የቀረበት ሰንጠረዥ

ጽጌማርያም አንድ ቦታ መርጋት አቅቶታል። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጣልያኑ ሻምበል የቆረጠለት ቀን ደግሞ ቅዳሜ። «ለሽፍቶቹ ወሬ የሚያቀብለውን ሰው ታመጣለህ፤ ያለዚያ አንተው ትሰቀላለህ» ነው ያለው፣ ሲጋራውን እንኳ ከአፉ ሳያወጣ።

ጽጌማርያም የጣልያን አስተርጓሚ ነው። ካሚዮኖቹ ስንቅ ጭነው በአስኮ መንገድ ሲወጡ እሱም አብሮ ይሳፈራል። በሁለት ወር ውስጥ አርበኞቹ ሦስቴ አድፍጠው ጠብቀዋቸው፣ ሦስቴም ከጎማ ሥር ተጎትቶ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለውም።

ጥርጣሬው ያረፈው በሁለት ሰዎች ላይ ነው። ሽማግሌው ኃይለ መስቀልና ጎረቤታቸው ወዬሳ፣ ኮልፌ መንገድ ዳር ጽድ ሥር ቀይ ጨርቅ ዘርግተው ከሰዓት በኋላውን ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። መንገደኛው ከቧቸው ይጮሃል፤ «ፈረሱን በግራ አስገቡት!» ይላል። ይሄ ምልክት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ችግሩ ወረራው ነበር። በሰንጠረዥ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ብሎ ነገር የለም፤ ሁለቱም እየተሻሙ ያንቀሳቅሳሉ። ጽጌማርያም አንዱን በደብተሩ ሲጽፍ አራቱ ያመልጡታል።

«አባባ፣ ወረራው ይቅር» አላቸው አንድ ቀን። «እንደ ፈረንጆቹ ተራ በተራ ይጫወቱ።»

ወዬሳ ሊቆጣ ብድግ አለ። ኃይለ መስቀል ግን እጁን ይዘው አስቀመጡት።

«ካልክ ይቅር፣ ልጄ። ጨዋታ የሰው ነው፤ ሰው ሲለውጠው ይለወጣል።»

እንዲህ ቶሎ እሺ ማለታቸው ይበልጥ አጠራጠረው። ጩኸቱን ከለከለ፤ እሺ አሉ። የንጉሡን ቦታ አዛወረ፤ እሺ አሉ፣ እንዲያውም እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ደብተሩ ሞላ። ካሚዮኖቹ ግን መመታታቸውን አልተዉም፤ እሱም እያንዳንዱን ጠጠር ሌሊቱን ሲፈታ ያድራል፣ ይብላኝለት።

ዛሬም ደብተሩን ይዞ አጠገባቸው ተቀመጠ። ወዬሳ ፈረሱን አንቀሳቀሰ፤ ጻፈ። ሽማግሌው አሰቡ፤ ጻፈ። አሁንም ምንም አልታየውም። ፈራ፤ ገመዱ ከወዲሁ አንገቱን የሚከረክረው መሰለው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደብተሩን አጥፎ ተነሣ።

«ነገ አልመጣም» አለ። «ዓርብ እስክመለስ ገበታው እንዳለ ይቆይ። እኔ ሳላይ አንድ ጠጠር እንዳይነካ።»

«እንደ ሁልጊዜው» አሉ ኃይለ መስቀል። «አንዱንም አንነካ። በሰላም ያግባህ፣ ልጄ።»

እየተቻኮለ ወደ ጦር ሰፈሩ ወረደ። ሽማግሌው ከመንገዱ ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት፤ ከዚያ ገበታውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ወዬሳ፣ ጫካ ላሉት ልጆች ላክባቸው» አሉ። «አስኮ መንገድ ይጠብቁ፤ ነገ አይመጣም።»