የምልክቷ እንጨት

ሦስተኛውም ውርወራ እዚያው አርባ ሜትር ላይ ሲተከል አምሀ ጃኬቱን ከድንጋዩ ላይ አንስቶ አቧራውን አራገፈ።

«እንግዲህ አየን» አለ። አልተናደደም፤ አዘነ እንጂ። ከድሬዳዋ ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ጦር ወርዋሪ ሲፈልግ ሰንብቶ የመጨረሻው ሜዳ ይህ የጅጅጋው ነው። አዲስ አበባ ያሉት አለቆቹ ድሮም «ሯጭ በሞላበት አገር ጦር ወርዋሪ ምን ያደርግልሃል?» እያሉ ያሾፉበታል። በዘንድሮው ሥልጠና አንዲት ቦታ የሰጡት በስንት ልመና ነው። ባዶ እጁን ከተመለሰ ያቺም ለሯጭ ትሄዳለች፣ የጦር ውርወራም ነገር በዚያው ያበቃል።

«ጋሽ አምሀ፣ እባክዎ ልጁ አንዴ ይድገም» አለች ብርቄ። የስፖርት አስተማሪዋ ናት። ስልክ ደውላ «እንዲህ ያለ ክንድ አይቼ አላውቅም» ብላ ያስመጣችው እሷ ነች።

«ብርቄ ሙች፣ አርባ ሜትርማ እኔም በዚህ በተበላሸ ትከሻዬ አላጣትም።»

ወርዋሪው ጃማ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሀርሺን አርብቶ አደሮች የመጣ ልጅ፣ ቁመቱ እንደ ስልክ እንጨት የተመዘዘ ነው። ያፈረ አይመስልም። እንዲያውም ደህና ሥራ ሠርቶ እንደጨረሰ ሰው እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ቆሟል። አምሀን ያበሸቀው ይህ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ወድቆ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አጋጥሞት አያውቅም።

ንዴቱ እንዲበርድለት ጦሩን ሊነቅል ራሱ ሄደ። ብርቄ አርባ ሜትሩን ለመለየት ጫፏ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረችባት ቀጭን እንጨት ተክላ ነበር። ጦሩ ከእንጨቷ አጠገብ ቆሟል። የእንጨቷ ልጥ በአንድ ወገን ተልጧል። የቀድሞዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ከግራና ከቀኟ ናቸው። አምሀ ጦሩን ነቀለና ባርኔጣውን አውልቆ ከጎን ለካት፤ እንጨቷ ባትኖር ሦስቱንም ቀዳዳ ትከድናቸው ነበር። የከሰዓቱ ነፋስ ደግሞ ሰው ከጎን እየገፈተረ ነው።

«ጃማ! እስቲ ና።»

ጃማ እየሮጠ መጣ፤ ብርቄም ተከተለችው።

«ወደ እንጨቷ ነው እንዴ የምትወረውረው?»

«ሃዬ» አለ ጃማ በአዎንታ ራሱን ነቅንቆ። ወዲያው ፊቱ ጠቆር አለ። «ያገኘኋት አንዴ ብቻ ነው፣ ጋሼ። ነፋሱ አስቸገረኝ።»

ብርቄ አፏን በእጇ ያዘች። እንጨቷን ስትተክል ለመለኪያ መሆኑን ለሱ የመንገር ነገር ትዝም አላላትም።

«እንጨቷን እርሳት» አለ አምሀ። «ጉልበትህ እስከቻለ ድረስ አርቀህ ወርውር።»

ጃማ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ቃኘው። ከጦርነቱ የቀረው የዛገ ታንክ ወዲያ ማዶ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ሣርና ድንጋይ ብቻ ነው።

«ምን ላይ?»

«ምንም ላይ። ዝም ብለህ አርቀው።»

«ምንም ከሌለማ ምን አስወረወረኝ?» አለ ጃማ፣ በትህትና። «አጎቴ ዐቦኮር ቢያየኝ ይስቅብኛል። ጦሬን ሜዳ ላይ ጥዬ፣ በኋላ ጅብ ቢመጣ በምን ልመልሰው?»

አምሀ ሃያ ዓመት ሙሉ ባዶ ሜዳ ላይ ሲወረውርና ሲያስወረውር «ምን ላይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ሳቁ መጣ። እንጨቷን ነቀለና ወደ ፊት ሄደ፤ ይበቃል ያለው ቦታ ሲደርስ በድንጋይ መትቶ ተከላትና ዞር አለ።

ጃማ ጦሩን ይዞ ወደ መወርወሪያው ተመለሰና ሁለት እርምጃ ብቻ ተንደርድሮ ለቀቀው። ጦሩ ወጣ፤ ወደ ግራ ሊጠፋ ነው ሲባል ነፋሱ ደግፎ መለሰውና ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ቀጥ ብሎ እንጨቷ ሥር ገባ። አምሀ በቆመበት ቀረ። ክንድ እንዲህ ሲሠራ አይቶ አያውቅም፤ ለማንም ማስተማር የሚቻል ነገርም አልመሰለው።

ጃማ ጦሩን ይዞ ሲመለስ እሱ እንጨቷን እንደገና ነቀላት። አሁን የሚቆምበትን ቦታ መለካት አላስፈለገውም፤ እግሩ ያውቀዋል። ትከሻው ሳይበላሽ በፊት፣ በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ የደረሰባት ርቀት ናት፤ ዋንጫዋ እስከ ዛሬ ቤቱ ቁምሳጥን ላይ አለች። እዚያው ላይ በድንጋይ መትቶ ተከላት።

«ጋሽ አምሀ፣ ራቅ ይበሉ!» ስትል ብርቄ ተሰማችው።

ራቅ አለ፣ ብዙም አይደል። ጃማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ፤ ቆመ፤ እንጨቷን አተኩሮ አያት፤ ከዚያ ሮጠ። ጦሩ በቀዩ ጨርቅ አናት ላይ አለፈና ከእንጨቷ ወዲያ፣ አንድ ክንድ አልፎ ተተከለ።

አምሀ ያቺን አንድ ክንድ መሬት አያት። ቀናባት፤ ግን ቅናቱ ደስታውን አላከለም። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ነፋሱን ረገመ።

«ብርቄ! ለነገው የአዲስ አበባ መኪኖች ኮንቮይ የሁለት ሰው ቦታ ያዢ!»

ጃማ ራሱ እየሮጠ መጥቶ ጦሩን ነቀለ። «ሳትኳት» አለ ቅር ብሎት፤ መልስም ሳይጠብቅ ወደ መወርወሪያው ተመለሰ። እዚያ ደርሶ ፊቱን አዞረ፤ አምሀ ቆሞ እንጨቷን እስኪተክልለት ጠበቀ።

አምሀ ግን እንጨቷን ነቅሎ በብብቱ ሸጉጦ ወደ ታንኩ አቅጣጫ ገና እየሄደ ነበር።