የተፋቀው እጀታ

«እጄ አልነካውም አልኩህ እኮ፣ አባዬ!»

«ታዲያ ማን ነካው? ጂኒ ነው?» አባት የአሮጌውን ጠመንጃ ሰደፍ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ትናንት ደህና የነበረ ብሎን ዛሬ አፉ ተቦጫጭሮ ሲገኝ፣ እዚህ ቤት ካንተ ሌላ ማን ካቻቢቴ ይጨብጣል?»

የልጁ ታናሽ እህት ሞርሳው አጠገብ ቆማ ዘይት የነካውን ጨርቅ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። እሷን ማንም አልጠረጠራትም። ጥገናውን ገና እየተማረች ስለሆነ አባቷ ሳያዛት አንድም ዕቃ አታነሳም።

ጠመንጃው የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነው። ሟቹ አደን ይወድ ነበር። ሴትዮዋ ጠመንጃውን በአንሶላ ጠቅልላ አምጥታ «እሱ ይዞት እንደነበረው አድርጋችሁ መልሱልኝ፤ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ» ብላ አልቅሳ ነበር የሄደችው። ነገ ትመጣለች። እንዲህ ያለ ብሎን ደግሞ ዛሬ ገበያ ላይ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። አባት ጠዋት አውራ ጣቱን ሲያሳርፍበት የተገላበጠው ብረት ቧጨረው፤ ጩኸቱም ያኔ ተጀመረ።

«ስንቴ ልንገርህ?» አለ አባት። «የካቻቢቴው ጫፍ የብሎኑን ቦይ ከዳር እስከ ዳር ይሙላው። ከጠበበ ቦዩን ይበላዋል፤ ከሰፋ ዙሪያውን ይቧጭራል። እንደ ሽብልቅ እየሳሳ የመጣውንማ ለበር ማጠፊያ ተወው! ይሄ ጠመንጃ እንጂ ቁም ሳጥን አይደለም!»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?»

«አስተማርኩና ምን አተረፍኩ!»

ደንበኞች አባትን «ባለልኩ» ይሉታል። እሱ ፈትቶ የመለሰው ብሎን መነካቱ አይታወቅም ነበር። ሰሞኑን ግን ከየጠመንጃው አንድ አንድ ብሎን ይበላሻል፣ እሱም ነገረኛ ሆኗል። ከመደርደሪያው ጥግ ጋር በተጋጨ ቁጥር «ይሄን ማን አዞረው?» እያለ ልጁን ይቆጣል። ከልጅቷ ጋር ግን ፍቅር ነው። ጠመንጃ ላይ የታሰረውን የደንበኛ ስም እሷን ያስነብባታል። ብረቱ እሳት ላይ ሲሞቅ «ቀለሙ ምን ሆነ? እስቲ ንገሪኝ» ብሎ ይፈትናታል። እሷም ኮራ ትላለች፤ ወንድሟን እንዲህ ሲጠይቀው ሰምታ አታውቅም።

«እሺ፣ ብሎኑን አልነካህም» አለ አባት። «ይሄስ?»

የካቻቢቴዎቹን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እጀታዎቹን አባት ራሱ ነው ከጠንካራ እንጨት የሠራቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለዩት በጫፋቸው ብቻ ነው። አሁን ግን በየእጀታው ላይ ቢላ አርፏል። አንዱ ላይ አንድ ጭረት፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ ሰፊው ላይ ሦስት።

«ወይኔ!» አለች ልጅቷ።

ወንድሟ ይክዳል ብላ ጠበቀች። አልካደም።

«እሱን እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ለምን፣ ጋሼ?»

አባቱን አየው። «እንዲያው ነው» አለ።

ልጅቷን አንጀቷን አሳረራት። ፊደል ያስቆጠራት፣ ሞረድ አያያዝ ያሳያት ይሄው ወንድሟ ነው። ያም ሆኖ ምላሷ ቀደማት። «እንዲያው ነው ይባላል? አታፍርም? እሱ ሳይሞት ዕቃውን የምትተለትለው፣ ቤቱን ለመውረስ ቸኮልክ እንዴ?»

ወንድሟ በጥፊ የተመታ ይመስል ፊቱ ተለወጠ። «አንቺም?» አለ።

«ሰማህ አይደል?» አለ አባት፤ ድምፁ ግን እንደቅድሙ አልጮኸም። «የበሩን ቁልፍ አስቀምጥና ውጣ። ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ።»

ልጁ ሽርጡን ፈትቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን በአባቱ እጅ ውስጥ አስቀመጠና ጣቶቹን አጠፈለት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«እህቴ፣ እባክሽ፣ እጀታዎቹን አትፋቂያቸው።»

«እሱን ደግሞ ታዛለህ?» አለችው። ወጣ።

አባት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ልጅቷ ምን ብላ እንደምታጽናናው ጨነቃት። ብርጭቆ ወረቀት አነሳችና ሦስት ጭረት ያለበትን ካቻቢቴ ይዛ እጀታውን ትፈቀፍቀው ጀመር። እንጨቱ እየለሰለሰ መጣ። ጭረቶቹ ጠፉ። ዘይት ቀባችው፤ እንደ ድሮው አበራ። ቦታው መልሳ ሁለተኛውን አነሳች።

«ምን ነበር እሱ ድምፅ?» አለ አባት።

«እጀታዎቹን ነው፣ አባዬ። እንደነበሩ አደርግልሃለሁ።»

«ተይ!» ብሎ ብድግ አለ። ወንበሩ ወደቀ። «ተይ አልኩሽ! አትንኪያቸው!»

ደነገጠች። ያዘነው ለልጁ መሰላት። ሁለተኛውን ሳትፋቀው መለሰችው።

አባት ጠረጴዛው ጋ መጥቶ ጠመንጃውን ወደ ራሱ ሳበ። የብሎኑን ቦይ በጥፍሩ ለካ። «ምንም አይደል፣ በሞረድ ይስተካከላል። ይሄ ሰፊውን ነው የሚፈልገው» አለና እጁን ወደ ጥቅሉ ሰደደ። አውራ ጣቱ የመጀመሪያውን እጀታ ዳሰሰ፣ አለፈው። ሁለተኛውን ዳሰሰ፣ አለፈው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። የለሰለሰውን እንጨት ወደ ላይ ዳሰሰ፣ ወደ ታች ዳሰሰ፣ አገላብጦ ዳሰሰ። ከዚያ ካቻቢቴውን አንስቶ ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን፣ ዓይኑ ሥር አስጠጋው።

«ልጄ» አለ፣ «ይሄ የትኛው ነው?»

ልጅቷ ብርጭቆ ወረቀቱን ከእጇ ጣለችና ወንድሟ በሄደበት መንገድ ወጣች።