ቦዩ ውስጥ ያለው ሶፋ

«እማማ፣ ቦዩ ተዘግቶ ጎርፍ ሰው ቤት ቢገባ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት!»

ባልደረባው አሮጊቷ ላይ ሲጮህ፣ ደንብ አስከባሪው የገዛ ጫማውን እያየ ቆሞ ነበር። ከአጥራቸው ሥር፣ የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ሶፋ እስከ መቀመጫው ጭቃ ውጦት ተጎልቷል።

«የኔ አይደለም፣ ልጆቼ። የጣለውን አንድዬ ይወቀው።»

«ደጅዎ ላይ ከተገኘ የሚያነሱት እርስዎ ነዎት። ደንብ ነው!» አለ ባልደረባው።

አሮጊቷ ክርክሩን ትተው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና ቦዩ ውስጥ ወረዱ። ወገባቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ በሌላው የሶፋውን ጥግ ሲጨብጡ ግን ደንብ አስከባሪውን አላስቻለው፤ ዘሎ አጠገባቸው ገባ።

«እማማ፣ በዚያ በኩል አይያዙት! እግሩ ውልቅ ይልና ይወድቅብዎታል፤ በሽቦ ነው የታሰረው።»

የሶፋው እግር ገና ጭቃው ውስጥ ነበር፤ ማንም አላየውም። አሮጊቷ ቀስ ብለው ቀና አሉና ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ዞረው ደህናውን ጥግ ያዙ።

«ታዲያ የት እናድርስልህ፣ ልጄ?»