አልሰጥሽም

ጎጃም መንገድ ላይ፣ የጣልያን ጊዜ አሮጌ የጭነት መኪና የጨፈለቃትን ድመት ከባሕር ዛፉ ሥር የቀበርኳት ራሴ ነኝ። ትታት የሄደችው ግልገል ዓይኗ እንኳ አልተገለጠም ነበር።

ጎረቤቴ ኦቦ ዱቤ አጥሩን ተደግፈው፣ «ሂን ጉደቱ፣ አጸደ። ያለ እናቷ አታድግም፤ በከንቱ አትድከሚ» አሉኝ።

«ታድጋለች፤ አንቱም ያያሉ» አልኳቸው።

የላሜን ወተት ለብ አድርጌ፣ ጥጥ እየነከርኩ አጠባኋት። አራስ ግልገል እናቷ ካልላሰቻት ሽንቷ አይወርድላትም፤ እሱንም በእርጥብ ጨርቅ ሆዷን እያሸሁ እኔው አሸናኋት። ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ወተቷን ይዤ ስመጣ ሆዷ ሞልቷል፤ ጸጉሯ ተልሶ ረጥቧል። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። በቅርጫቷ ውስጥ ግን እርጥብ አፈር ተበትኗል። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ለኦቦ ዱቤ ትንፍሽ አላልኩም፤ እናቷ አሳደገቻት እንዲሉኝ አልፈልግም።

ዛሬ ቀትር ላይ በሩን ቆልፌ ጭኔ ላይ አስተኛኋት። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ቤቱን ሞልታዋለች። ግልገሏ ተኝታ ሳለ የማጅራቷ ቆዳ ወደ ላይ ተሰበሰበ። እግሮቿን አጥፋ፣ ማንም ሳይነካት፣ ከጭኔ አንድ ስንዝር ከፍ አለች።

በሁለት እጄ ያዝኳት።

«ያጠባኋት እኔ ነኝ» አልኩ። «አልሰጥሽም።»

ወደ እኔ ሳብኳት። ከወዲያ በኩል ያለችውም አልለቀቀችም።